ያረጀ የትራክተር ሞተር ሲታደስ የሚለወጠውንና የሚቈየውን ዕቃ ስለ መለየት

መከር አልቆ፣ ትራክተሩም የአውድማውንና የጭነቱን ሥራ ፈጽሞ በቆመ ጊዜ፣ ከጋራዥ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት አንድ ወረቀት ይመጣል። በወረቀቱ ላይ የሚለወጡት የሞተር ዕቃዎች በዝርዝር ተጽፈው፣ ከታች የዋጋው ልክ ተደምሮ፣ ሹሙ እንዲፈርምበት ይቀርብለታል። ዝርዝሩ አንዳንድ ጊዜ የሞተሩን ዕቃ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይይዛል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጥቂት ቀለበትና ጓርኒሲዮን ብቻ ይሆናል። በፊተኛው ወረቀት ላይ የፈረመ ሹም ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግል የሚችለውን ብረት አስጥሎ የመንግሥትን ወይም የማኅበሩን ገንዘብ ያባክናል፤ በሁለተኛው ላይ የፈረመ ደግሞ ሞተሩ በሐምሌ፣ ጤፍ በሚዘራበት ሰሞን፣ ከማሳ መኻል እንዲቆም አስቀድሞ ፈቃድ ሰጥቷል ማለት ነው።

ሹሙ መካኒክ ይሁን የሚል የለም። ዳሩ ግን በዝርዝሩ ላይ ከተጻፈው ከእያንዳንዱ ዋና ዕቃ አጠገብ የተለካው ቍጥርና የሞተሩ መጽሐፍ የሚፈቅደው ወሰን ጐን ለጐን ተጽፎ እንደ ሆነ መመልከት ይገባዋል። ቍጥር የሌለበት ዝርዝር፣ የጻፈው መካኒክ ምንም ያህል ሥራ የለመደ ቢሆን፣ ግምት ነው። ብረት ያለቀው በዓይን የሚታየውን ያህል አይደለምና፤ የሚያብለጨልጨው ሲሊንደር ከወሰን ያለፈ፣ የጠቈረውና የተጫጫረው ደግሞ ገና ደኅና ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ይህ ነገር በአቃቂ ቃሊቲ አካባቢ ይልቁንም ጐልቶ ይታያል። አቃቂ ከአዲስ አበባ መኻል ወደ ደቡብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ወደ ቢሾፍቱና ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ስለ ሆነ፣ ፋብሪካውም፣ ቶርኖ ቤቱም፣ ብረት የሚያቀልጠውም በቅርብ ይገኝበታል። የአካባቢው ሜዳ አብዛኛው ጥቍር መረሬ አፈር ነው፤ በበጋ ተሰነጣጥቆ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፣ ዝናብ ሲበዛበት ደግሞ ጎማ ይዞ አይለቅም። ፈጽሞ ሲደርቅም ፈጽሞ ሲርስም ለትራክተር የማይመች ስለ ሆነ፣ በመኻል ያሉት የሚታረስባቸው ቀኖች ጥቂት ናቸው። የበልጉ ዝናብ በመጋቢትና በሚያዝያ መሬቱን ሲያለሰልሰው የመጀመሪያው እርሻ ይጀመራል፤ ጤፉ በሐምሌ ይዘራል፤ ሽምብራና ጓያ ክረምቱ ሲወጣ በቀረው እርጥበት ይዘራሉ። በእነዚህ ቀኖች ሁለት ሳምንት የቆመ ትራክተር የዓመቱን ሥራ አጉድሏል። ስለዚህ የሞተሩ መከፈቻ ጥር ነው፤ በጥር ተከፍቶ፣ ታጥቦ፣ ተለክቶ ዝርዝሩ በወሩ መጨረሻ ቢቀርብ፣ የካቲት በሙሉ ዕቃ ለመፈለጊያና ለሬቲፊካ ሥራ ይተርፋል። በሚያዝያ የተከፈተ ሞተር ግን በጥድፊያ ይሠራል፣ በጥድፊያ የተሠራ ሞተርም ሳይለካ የተገጠመ ነው።

ወደ ጋራዥ የሚገቡት አሮጌ ሞተሮች ከየትኛው ዘመን እንደ መጡ ማወቅ ለውሳኔው ይጠቅማል። ከ1967 ዓ.ም. በፊት በጭላሎና በአዋሽ ሸለቆ ሰፊ እርሻ የያዙ ባለመሬቶች ትራክተር እየገዙ ያርሱ ነበር፤ በጭላሎ መኪናው በበዛበት ስፍራ ብዙ ጭሰኞች ከመሬታቸው መነሣታቸውም የታወቀ ነው። የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት መሆኑ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ከታወጀ በኋላ ትራክተሩ በመንግሥት እርሻዎች እጅ ሆነ፤ ከሶቪየት ኅብረት የሚመጣው ቤላሩስም በዛ፤ በ1970ዎቹ ዓመታት በናዝሬት፣ ዛሬ አዳማ በምትባለው ከተማ፣ የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ ተቋቋመ። ከፊተኛው ዘመን ሞተሮች የታወቀው በማሲ ፈርጉሰን 35 እና 135 ላይ ያለው ባለ ሦስት ሲሊንደር ፐርኪንስ ነው፤ የሲሊንደሩ ስፋት 91.4 ሚሊሜትር፣ ምቱ 127 ሚሊሜትር፣ ይዘቱም 2.5 ሊትር ነው። ከኋለኛው ዘመን የታወቀው የቤላሩስ 80 ሞተር ባለ አራት ሲሊንደር ሆኖ ስፋቱ 110፣ ምቱ 125 ሚሊሜትር፣ ይዘቱ 4.75 ሊትር ነው።

በሁለቱ መካከል ትልቁ ልዩነት ላይነር በሚባለው፣ ፒስቶኑ በውስጡ በሚመላለስበት የብረት ቱቦ ላይ ነው። የቤላሩሱ ላይነር ውጫዊ ገጹ ውሃ የሚነካው ስለ ሆነ በእጅ መጐተቻ ወጥቶ አዲሱ በሜዳ ጋራዥ ሊገባ ይችላል። የፐርኪንሱ ግን በብሎኩ ብረት ውስጥ ተጣብቆ የሚገባ ደረቅ ላይነር ነው፤ ለማውጣትም ለማስገባትም መጫኛ መኪና ያስፈልጋል፤ እንደ ላይነሩም ዓይነት ከገባ በኋላ በልኩ መቦርቦር የሚያሻው አለ። ስለዚህ በአንደኛው ሞተር ርካሽ የሆነው ውሳኔ በሁለተኛው ውድ ሊሆን ይችላል፤ የአንዱን ትራክተር ዝርዝር ገልብጦ ለሌላው መጻፍም ከዚህ የተነሣ ስሕተት ነው።

ሞተሩ ሳይከፈት ስለሚደረግ ምርመራ

ብዙ ሞተር የሚከፈተው በጢሱ ተፈርዶበት ነው። ሰማያዊ ጢስ የሞተር ዘይት ወደ ሲሊንደር ገብቶ መቃጠሉን ያሳያል፤ ነጭ ጢስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ካልጠፋ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም የውሃ መግባት ምልክት ነው፤ ጥቍር ጢስ ናፍጣው ከአየሩ በልጦ መገኘቱን ይናገራል። የአቃቂ ሜዳ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው። በዚህ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት አንድ እጅ የሚበልጥ የሳሳ ስለ ሆነ፣ አየር የሚነፋ ተርቦ የሌለው ሞተር በባሕር ወለል ልክ የተቃና ናፍጣ ሲሰጠው ሁሉን ሊያቃጥል አይችልምና ይጠቍራል፤ ኀይሉም በዚያው መጠን ይቀንሳል። እንዲህ ያለው ሞተር ያለቀ አይደለም፤ ፖምፓው ለደጋ አልተቃናም፣ ወይም የአየር ማጣሪያው ታፍኗል። በጥቍር ጢስ ብቻ ተፈርዶ ሞተር ማስከፈት፣ የታፈነ አፍንጫ ያለውን ሰው ሳንባ እንደ መቅደድ ነው።

በመጭመቂያ መለኪያ የሚገኘውም ቍጥር እንዲሁ ያሳስታል። የሞተሩ መጽሐፍ በባሕር ወለል አየር 28 ባር ይሁን ቢል፣ ያው ሞተር ምንም ሳይጐድለው በአቃቂ ወደ 22 ባር ያሳያል። ይህን ያልተገነዘበ መካኒክ ደኅናውን ሞተር አልቋል ብሎ ይጽፋል። ከቍጥሩ ትልቅነት ይልቅ የሚታመነው የሲሊንደሮቹ እርስ በርስ መመሳሰል ነው። አራቱም 21 እና 22 ቢያሳዩ ሞተሩ ይቈይ፤ ሦስቱ 22 ሆነው አንዱ 16 ቢሆን ሕመሙ በዚያ በአንዱ ውስጥ ነው። በዚያም ሲሊንደር ውስጥ ከትንሽ ማንኪያ የማይበልጥ የሞተር ዘይት ጠብ ተደርጎ እንደገና ሲለካ ቍጥሩ በግልጥ ከፍ ካለ፣ የሚያፈሰው በፒስቶኑ ቀለበቶችና በላይነሩ በኩል ነው፤ ዘይቱ ምንም ካልለወጠው ደግሞ በቫልቮቹ ወይም በቴስታው ጓርኒሲዮን በኩል ነው። ይህ የአንድ ሰዓት ሥራ ሲሆን፣ ቴስታ ብቻ ወርዶ የሚድነውን ሞተር ሙሉ በሙሉ ከመበተን ያድናል።

የዘይት ግፊት ዝቅ ማለትም ብዙ ሰው ሳይመረምር ብሮንዙ አልቋል እንዲል ያደርገዋል። መጀመሪያ የሚመረመረው ግን መለኪያው ራሱ ነው፤ ቀጥሎ የዘይቱ ቅጥነትና ናፍጣ ተቀላቅሎበት እንደ ሆነ፣ ከዚያ የግፊት ማስተንፈሻው ቫልቭ፣ ከዚያ የዘይቱ ፖምፓ። ይህ ሁሉ ታይቶ ሞተሩ በሞቀ ጊዜ ግፊቱ አሁንም ከወሰን በታች ከሆነ፣ ያን ጊዜ የሞተሩ ሆድ ይከፈታል።

ስለ ላይነርና ስለ ፒስቶን

ሞተሩ ሲከፈት ማናቸውም ዕቃ ከየት እንደ ወጣ ሳይመለከት አይቀመጥ። የቢየላ ክዳኖች፣ የዋናው ዘንግ ክዳኖችና ቫልቮች ከየቦታቸው ጋር ተላምደው ያለቁ ስለ ሆኑ፣ አንዱ በሌላው ቦታ ቢገባ ደኅና የነበረው ዕቃ ይበላሻል። በአንድ ከረጢት ውስጥ ተደባልቀው ወደ ጽሕፈት ቤት የቀረቡ የሞተር ዕቃዎች ምንም ማስረጃ አይሆኑም።

ላይነር ከላይ እስከ ታች እኩል አያልቅም። ከሁሉ ይልቅ የሚያልቀው የመጀመሪያው ቀለበት ወደ ላይ ወጥቶ በሚመለስበት ስፍራ ነው፤ በዚያ ላይ የእሳቱ ግፊት ይበረታል፣ ዘይቱም ያንሳል። ወደ ታች በተወረደ መጠን መበላቱ ይቀንሳል፤ ቀለበት ከማይደርስበት ከታችኛው ጠርዝ አጠገብ ያለው ስፋት ፋብሪካው ከሠራው ልክ እምብዛም አይለወጥም። ሬቲፊካ ቤት የውስጥ ስፋት መለኪያ ስላለው በሁለት አቅጣጫና በሦስት ከፍታ ይለካል። ይህ መሣሪያ የሌለበት የገጠር ጋራዥ ግን ሊያመካኝ አይችልም፤ አንድ አዲስ የፒስቶን ቀለበትና ቅጠል የሚመስሉ ቀጫጭን ብረቶች ያሉት የክፍተት መለኪያ ይበቃዋልና።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፋሻ የሚባለው የፒስቶን ቀለበት አዲሱ ተወስዶ በላይነሩ ታችኛ ክፍል ይገባና፣ እንዳያዘነብል በፒስቶን ግንባር ተገፍቶ ይስተካከላል፤ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ያለው ክፍተት ይለካል። ቀጥሎ ያው ቀለበት ወደ ላይ፣ ብዙ ወደ ተበላው ስፍራ ተወስዶ በዚያው ዓይነት ይለካል። የሁለቱ ክፍተቶች ልዩነት ለ3.14 ሲካፈል የሚገኘው ቍጥር ላይነሩ ከታች ይልቅ ከላይ የሰፋበት ልክ ነው። ለምሳሌ ከታች 0.45፣ ከላይ 1.70 ሚሊሜትር ቢገኝ ልዩነቱ 1.25 ነው፤ ለ3.14 ሲካፈል 0.40 ሚሊሜትር ይሆናል። ይህ ቍጥር የሞተሩ መጽሐፍ ከሚፈቅደው ወሰን ጋር ይተያያል። ከዚህም ሌላ ነገር ይገለጣል፤ ሲሊንደሩ በጥቂት ሲሰፋ የቀለበቱ ክፍተት ከሦስት እጥፍ በላይ ይሰፋል። በተበላ ላይነር ውስጥ አዲስ ቀለበት ብቻ መክተት ለጥቂት ወራት ብቻ የሚጠቅመው ስለዚህ ነው።

ፒስቶኑ የሚፈረደው በጉልበቱ መጫጫር ሳይሆን ይልቁንም በመጀመሪያው ቀለበት ማስገቢያ ጐድጓድ ነው። አዲስ ቀለበት በዚህ ጐድጓድ ውስጥ ገብቶ ከጐኑ የሚገኘው ክፍተት ከወሰን ካለፈ፣ ቀለበቱ እየተንቀጠቀጠ ይሰበራል፣ ዘይትም ወደ ላይ ያወጣል፤ ስለዚህ ፒስቶኑ ይለወጥ። ላይነር ሲለወጥ ፒስቶኑና ቀለበቶቹ አብረው ይለወጣሉ፤ ፋብሪካዎችም እርስ በርሳቸው እንዲስማሙ ምልክት አትመውባቸው በስብስብ ይሸጧቸዋል። ምልክቱ የተለያየ ላይነርና ፒስቶን ርካሽ ስለ ሆነ ብቻ የተገዛ እንደ ሆነ ያ ግዢ ውድ ነው። ላይነሩ በወሰን ውስጥ ሆኖ ቀለበት ብቻ ሲለወጥ ደግሞ፣ እንደ መስተዋት የለሰለሰው ገጽ በድንጋይ መፋቂያ በሰያፍ መጫር አለበት፤ ይህ ካልሆነ አዲሱ ቀለበት ከገጹ ጋር አይላመድም፤ ዘይትም መብላቱን አይተውም።

ከመለካቱ ጋር አብሮ የሚሄደው፣ ብዙ ጋራዥ ግን የሚዘለው፣ ምክንያቱን መጠየቅ ነው። ሁሉም ሲሊንደሮች በእኩል ከላይ ተበልተው ቢገኙ አቧራ በአየር መግቢያው ገብቷል። የአቃቂ መረሬ በበጋ ደቅቆ የሚያስነሣው አቧራ ለሞተር እንደ ወፍጮ ድንጋይ ነው፤ በማጣሪያውና በሞተሩ መካከል ያለው የጎማ ቱቦ በጥፍር የምትሞላ ስንጥቅ ብትኖርበት፣ ወይም በማጣሪያው ሳህን ውስጥ ያለው ዘይት ቢጐድል፣ አዲሱ ላይነር ከአሮጌው ፈጥኖ ያልቃል። አንዱ ሲሊንደር ብቻ ተለይቶ ቢበላ ግን አቧራው ምክንያት አይሆንም፤ ብዙውን ጊዜ የዚያ ሲሊንደር ኢንጄክተር ናፍጣውን እንደ ጉም በመርጨት ፈንታ እያንጠባጠበ ዘይቱን ከግድግዳው ሲያጥብ ኖሯል። የላይኛው ክፍል ደኅና ሆኖ የታችኛው ብሮንዝ ብቻ ተጫጭሮ ቢገኝ ደግሞ ጥፋቱ በዘይቱና በዘይቱ ማጣሪያ ነው። በዝርዝሩ ላይ አራት ላይነር ጽፎ የአየሩን ቱቦ ያልጻፈ መካኒክ፣ በሽታውን ትቶ ቍስሉን ብቻ አክሟል።

እዚህ ላይ ስለ ቴርሞስታት አንድ ቃል መጨመር ያስፈልጋል። ሞተሩ እንዳይግል በማለት ይህን ትንሽ ዕቃ አውጥቶ መጣል በብዙ ስፍራ ልማድ ሆኗል። ደጋ አገር ላይ እንዲህ የተደረገበት ሞተር ሁልጊዜ በርዶ ይሠራል፤ ከሚቃጠለው ናፍጣ የሚወጣው ርጥበትና አሲድ በላይነሩ ላይ እየቀዘቀዘ ይበላዋል። የሚግል ሞተር ራዲያተሩ ይጠረግለት፤ ቴርሞስታቱ ግን ወደ ቦታው ይመለስ።

ስለ ዋናው ዘንግና ስለ ብሮንዙ

ዋናው ዘንግ፣ መካኒኮች ክራንክሻፍት የሚሉት፣ ከሞተሩ ዕቃዎች ሁሉ ውዱ ስለ ሆነ በዝርዝሩ ላይ ሲታይ ሹሙ ቆም ብሎ መጠየቅ አለበት። ያረጀ ዘንግ አብዛኛውን ጊዜ አይጣልም፤ ይሞረዳል እንጂ። ብሮንዝ የሚቀመጥባቸው አንገቶቹ በማይክሮሜትር በሁለት አቅጣጫ ተለክተው ክብነታቸው ከወሰን በላይ የጐደለ እንደ ሆነ፣ ሬቲፊካ ቤት ገብተው በብዙ ሞተሮች ዘንድ በ0.25 ሚሊሜትር ወይም በ0.50 ሚሊሜትር ይቀነሱና በዚያው ልክ የወፈረ ብሮንዝ ይገባላቸዋል። የቢየላ አንገቶች አንዱ ብቻ ቢበላም ሁሉም በአንድ ልክ ይሞረዳሉ፤ የዋናዎቹም እንዲሁ። በአንገቱ ግራና ቀኝ ያለው ጥምዝ ማዕዘን በድንጋዩ ተቆርጦ ስለት እንዳይሆን ባለሙያው በብርቱ ይጠበቅበታል፤ ዘንግ ሲሰበር ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው ከዚህ ነውና። የጠነከረው ገጹ ስስ የሆነ ዘንግ ከተሞረደ በኋላ እንደገና መጠንከር ያሻዋል።

ስንጥቅ ያለበት ዘንግ ግን በምንም ምክንያት አይመለስ። ስንጥቁን ለማግኘት ውድ መሣሪያ ባይኖር፣ ዘንጉ በላምባ ተነክሮ ይቈይና በንጹሕ ጨርቅ ፈጽሞ ይወልወል፤ ከዚያም የጠመኔ ዱቄት ይነፋበት። በስንጥቅ ውስጥ የተደበቀው ላምባ ወጥቶ በነጩ ዱቄት ላይ እንደ ክር የጠቈረ መስመር ይሥላል። የሬቲፊካውን ዋጋ ከመክፈል በፊት ይህን ማድረግ ይገባል፤ ተሞርዶ ከተመለሰ በኋላ ስንጥቁ የተገኘ ዘንግ ሁለት ጊዜ አስከፍሏል።

ብሮንዝ እንደ ዘንጉ አይደለም፤ ዋጋው ትንሽ ስለ ሆነ ሆዱ በተከፈተ ጊዜ ሁሉ ይለወጥ። አሮጌው ግን ከመጣሉ በፊት ይነበብ። በአንድ ጠርዝ ብቻ የተበላ ብሮንዝ ቢየላው መጣመሙን ይመሰክራል፤ ብዙ ጭረት ያለበት የቈሸሸ ዘይት ይመሰክራል። የቢየላው ብሎንም እንዲሁ አዲስ ይሁን፤ የአንድ ብሎን መበጠስ ብሎኩን በስቶ ሞተሩን ሁሉ ያጠፋልና።

ስለ ቴስታና ስለ ናፍጣው ፖምፓ ባጭሩ

የቴስታው ገጽ ቀጥ ባለ ብረትና በክፍተት መለኪያ ይፈተሻል፤ ተጣሞ እንደ ሆነ ይላጋል። ነገር ግን በብዙ መላግ የኢንጄክተሩን አፍ ከልኩ በላይ ወደ ፒስቶኑ ያስገፋል፤ ስለዚህ መጽሐፉ ከሚፈቅደው ውፍረት በታች የወረደ ቴስታ ይለወጥ። በቫልቮቹ መቀመጫዎች መካከል ስንጥቅ መኖሩ አስቀድሞ ይታይ። ቫልቭ ጠርዙ እንደ ቢላ እስኪሳሳ ካልተሞረደ ድረስ እንደገና ሊያገለግል ይችላል፤ በመቀመጫው ውስጥ ከልኩ በላይ የጠለቀ ቫልቭ ግን መጭመቂያውን ይቀንሳል። ጓርኒሲዮን ሁልጊዜ አዲስ ነው።

ፖምፓው በጋራዡ ግቢ፣ በአቧራ መካከል፣ ከቶ አይከፈት። በውስጡ ያሉት ትንንሽ ብረቶች እርስ በርሳቸው የሚስማሙት በሺኛ ሚሊሜትር በሚቈጠር ልክ ስለ ሆነ፣ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ታበላሻቸዋለች። ታሽጎ የፖምፓ መፈተኛ ወዳለው ቤት ይላክ፤ ሲላክም ትራክተሩ የሚሠራበት ከፍታ በወረቀት ላይ ተጽፎ ይሰጥ። ኢንጄክተሮቹ በእጅ መፈተኛ ሲሞከሩ የሚያንጠባጥቡት አፋቸው ብቻ ይለወጣል፤ ሙሉውን መግዛት አያሻም።

በአገር ውስጥ ስለሚሠራው ዕቃ

አቃቂ ቃሊቲ የመለዋወጫ ዕቃ የሚሠራ ፋብሪካ ያለበት ስፍራ ነው። ቀድሞ የአቃቂ መለዋወጫ ዕቃዎችና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ ይባል የነበረውና በኋላ አቃቂ ቤዚክ ሜታልስ ኢንዱስትሪ የተባለው፣ ብረት አቅልጦ በቅርጽ የሚያፈስስ፣ የሚቀጠቅጥ፣ በመኪናም የሚጠርብ ነው፤ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን በ2002 ዓ.ም. ሲቋቋም ከእርሱ ጋር ተጠቃልሎ ነበር፤ ያም ኮርፖሬሽን ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደገና ተደራጅቷል። በአካባቢው ያሉ ትንንሽ ቶርኖ ቤቶችም ብዙ ናቸው። ስለዚህ ከውጭ አገር የጠፋ ዕቃ ሁሉ በአቃቂ ይሠራ የሚል ሐሳብ በየጊዜው ይነሣል። ሐሳቡ መልካም ሲሆን ወሰን ያሻዋል።

የጢስ ማውጫው ቤት፣ የቀበቶ ጎማ የሚዞርበት ፑሊ፣ ክዳኖች፣ የሞተር መቀመጫ እግሮች፣ የነሐስ ቡሽ፣ የውሃ ፖምፓ ቤትና ዘንጉ፣ እነዚህ ሁሉ አሮጌው ናሙና ሆኖ ቢሰጥ በደንብ ሊሠሩ ይችላሉ፤ ቢበላሹም ሞተሩን አይገድሉትም። ላይነር በመካከል ያለ ነገር ነው፤ ለዚህ ሥራ የሚሆን ብረት ቀልጦ፣ ጥንካሬው በመለኪያ ተረጋግጦ፣ ቍጥሩ በወረቀት ከቀረበ ይቀበሉት፤ ወረቀት ከሌለው አይቀበሉት። ብሮንዝ፣ የፒስቶን ቀለበት፣ የፖምፓ ውስጥ ዕቃና የኢንጄክተር አፍ ግን በቶርኖ ቤት አይሠሩም፤ የተሠራ ቢመስልም የተሠራው መልኩ ብቻ ነው። በመርካቶ ሱማሌ ተራ የሚገኘውም አሮጌ ዕቃ በዚሁ ሚዛን ይመዘን፦ ያገለገለ የጢስ ማውጫ ወይም ፑሊ መግዛት ብልህነት ነው፤ ያገለገለ ዘንግ ተለክቶና በጠመኔ ተፈትኖ ሊገዛ ይችላል፤ ያገለገለ ቀለበት መግዛት ግን ገንዘብን ለሌላ ሰው ዝገት መስጠት ነው።

አንድ ዝርዝር እንዴት እንደሚመረመር

ለምሳሌ ያህል ከአንድ የቤላሩስ ሞተር ላይ አራት ላይነር ከነፒስቶኑ፣ አንድ አዲስ ዘንግ፣ ሙሉ ብሮንዝ፣ አራት ኢንጄክተርና የጓርኒሲዮን ስብስብ እንዲገዛ ተጠይቋል እንበል። ሹሙ ቍጥሩ እንዲጻፍ ወረቀቱን ይመልሳል። ሲመለስ ላይነሮቹ 0.12፣ 0.15፣ 0.41 እና 0.14 ሚሊሜትር ተበልተው፣ የመጽሐፉ ወሰን 0.40 ሆኖ ይገኛል፤ የዘንጉ የቢየላ አንገቶች አንዱ ክብነቱ በ0.09 ጐድሎ፣ ወሰኑ 0.06 ነው። ከዚህ በኋላ ነገሩ በራሱ ይገለጣል። ሦስቱ ላይነሮች ከተፈቀደላቸው ዕድሜ ገና ግማሹን እንኳ አልጨረሱም፤ ፒስቶኖቻቸውም ጐድጓዳቸው በወሰን ውስጥ ከሆነ ይቈያሉ፣ አዲስ ቀለበትና የላይነር መጫር ብቻ ይበቃቸዋል። ሦስተኛው ከነፒስቶኑ ይለወጣል፤ አዲሱ ፒስቶን ግን ከሌሎቹ ጋር በሚዛን ተመዝኖ ክብደቱ መመሳሰል አለበት፤ ባይመሳሰል ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። የዚያው ሲሊንደር ኢንጄክተር ይፈተናል፤ ሲያንጠባጥብ የተገኘው እርሱ እንደ ሆነ፣ የአራት ኢንጄክተር ጥያቄ የአንድ አፍ ጥያቄ ይሆናል። ዘንጉ አይገዛም፤ ይሞረዳል፤ የቢየላው ብሮንዝ በ0.25 የወፈረ፣ የዋናው አንገቶች ደኅና ከሆኑ ግን ብሮንዛቸው መደበኛው ይገዛል። ብሮንዙ ከሬቲፊካው በኋላ እንጂ በፊት አይገዛ፤ ዘንጉ 0.25 ተቀንሶ ካልጠራ 0.50 ይሆናልና። በዝርዝሩ ላይ ያልነበረው የአየር መግቢያ ቱቦ፣ የዘይት ማጣሪያና ቴርሞስታት ይጨመራሉ።

በዚህ ላይ ሊከራከር የሚችል መካኒክ አለ፤ ክርክሩም ከንቱ አይደለም። ሞተር ማውረድና መክፈት ለአንድ ላይነርም ለአራትም ያው ሥራ ነው፤ ሦስቱ በሚመጣው ዓመት ቢያልቁ ድካሙ ይደገማል ይላል። ቍጥሩ 0.30 እና 0.35 ቢሆን ኖሮ ትክክል በሆነ ነበር፤ ያን ጊዜ አራቱንም መለወጥ ይሻላል። በ0.12 እና በ0.15 ላይ ግን ክርክሩ አይጸናም። ለዚህ ነው ወሰኑ ብቻ ሳይሆን ወደ ወሰኑ ምን ያህል እንደ ቀረበ መጠየቅ የሚያስፈልገው። ትራክተሩ ከጋራዥ ብዙ ርቆ የሚሠራ፣ መለዋወጫም የማያገኝ ከሆነ ሚዛኑ ወደ መለወጥ ያዘነብላል፤ በአቃቂ ዙሪያ የሚሠራ ከሆነ ወደ ማቈየት። የጥገናው ዋጋ በሙሉ ተደምሮ ሁኔታው የታወቀ ሌላ ሞተር ከሚገዛበት ከግማሹ ያለፈ እንደ ሆነ፣ ብሎኩም ከተሰነጠቀ ወይም የዘንጉ መቀመጫ መስመር ከተጣመመ፣ ሞተሩ ራሱ መለዋወጫ ሆኖ ለሌሎች ቢበተን ይሻላል።

የተለካው ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ከቀኑና ከትራክተሩ የሰዓት ቈጣሪ ቍጥር ጋር ተጽፎ፣ አንዱ ግልባጭ በወረዳው፣ አንዱ በጋራዡ ይቀመጥ። ሞተሩ ተገጥሞ ሲነሣ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት በመጠነኛ ጭነት ይሥራ፤ ያለ ጭነት ለብዙ ሰዓት ማስጮህ ቀለበቱ እንዳይላመድ ያደርጋል። ከ50 ሰዓት ሥራ በኋላ ዘይቱና ማጣሪያው ይለወጡ፤ የቴስታው ብሎኖችም መጽሐፉ እንደሚያዘው እንደገና ይጥበቁ፤ የቫልቮቹ ክፍተት ይለካ። ይህም የሚደረገው ትራክተሩ የመጋቢትን እርሻ ከመጀመሩ በፊት እንዲሆን፣ ሞተሩ የካቲት ከመውጣቱ በፊት ተነሥቶ በጋሪ ጭነት ላይ መሞከር አለበት።